«የሚያውቅሽ ሰው አምጪ»፦ የባንክ መስኮትና ደንበኛው በወረታና በፎገራ ሜዳ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ። ሌላ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)



ንግግሬን ከአንድ መስኮት ፊት እጀምራለሁ። ጊዜው የ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ወሩ ጥር፣ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ለነጋዴ የተሸጠበት ሰሞን ነው። እናቴ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ፣ ከርብ ወንዝ አጠገብ ካለው ቀያችን ተነሥታ ወረታ ገባች። እኔን ያስከተለችኝ ፊደል ስለ ቆጠርሁ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ገብተን ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ፎርም ሰጠን። እኔ እያነበብሁ፣ እርሷ እየመለሰች፣ እንደ ምንም ሞላነው። ሠራተኛው ፎርሙን አይቶ፣ እርሷን ግን ሳያይ፣ «የሚያውቅሽ ሰው አምጪ» አላት።

እናቴ ዘወር ብላ አዳራሹን ተመለከተች። በአገሯ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ሳትጠራ የማትቀር ሴት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የማትታወቅ ሆነች። ወጥተን ጨውና ጋዝ ከምንገዛበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሱቁን ለልጁ ትቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ከእኛ ጋር መጣና ፈረመላት። ደብተሩ ወጣ። ሰውየው ለዚህ አገልግሎት ከባንኩም ከእኛም አንዲት ሳንቲም አልተቀበለም። ወደ ቀያችን ስንመለስ መሽቶብን ነበር፤ እናቴ በመንገዱ ሁሉ ስለ ገንዘቡ አንዳች አልተናገረችም። የተናገረችው «አንቺ አለኝ» ብላ ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ባለሱቅ ነው። የባንክ ታሪካችን የተጻፈው ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ነው፤ የሚቆጥረውም አዋጅ፣ ካፒታልና ቅርንጫፍ ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ቆመን ስንመለከተው ግን ሌላ ሰው ይታየናል። በፎገራ ሜዳ የባንክ አገልግሎት ከባዱ ክፍል፣ ማለትም ሰውን ማወቅ፣ ስለ ሰው መመስከር፣ ለሰው ማንበብና መጻፍ፣ በአብዛኛው የተሠራው በባንኩ ሠራተኛ አይደለም። የሠራው ደመወዝ የማይከፈለውና ስሙ የማይመዘገበው ሦስተኛ ሰው ነው። ይህን ሰው ካልቆጠርን፣ አገልግሎቱ ማንን እንዳገለገለና ማንን እንደ መለሰ ልናውቅ አንችልም።

ወደ ኋላ ልመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ የታወቀው ገበያ ከወረታ በስተሰሜን የሚገኘው የይፋግ ገበያ ነበር። በዚያ ዘመን መገበያያው ከሰሜን፣ ከአፋር የጨው ሜዳ እየተጫነ የሚመጣው አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። የአሞሌ ዋጋ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይጨምራል፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ይወርዳል። ጠገራ ብሩም እንዲሁ ምርመራ ነበረበት። ንግሥቲቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላ የሚታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ሲወጣ ኖሯል፤ የእኛ ሰው ግን ዓመቱን አልነበረም የሚያነበው። በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች እየቆጠረ፣ የደበዘዘውን አልቀበልም ይል ነበር። የአውሮፓ ተጓዦች በዚህ ሲማረሩ ጽፈዋል። እኔ እንደማየው ከሆነ ያ ገበሬ በዛሬው አነጋገር ጠንቃቃ ደንበኛ ነበር፤ የሚመረምረው እርሱ፣ የሚመረመረው ገንዘቡ ነበር።

በብድር ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብድር ሰውን ያስመረምራል። ዋስ የሚባለው ሰው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ ይሄድ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ዋስ መሆን እንግዲህ ሌላውን ሰው ከዚያ ቋጠሮ መፍታት ነው፤ በአደባባይ፣ ሁሉ እያየ፣ ስምን አስይዞ የሚፈጸም ሥራ ነው። ይህን አደባባይነቱን ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እፈልገዋለሁ።

ባንክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በየካቲት 1898 ነው። በእንግሊዞች ይዞታ ሥር ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ የ50 ዓመት ውል የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1923 መንግሥት ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሆነ። ይህን በፍጥነት የማልፈው ለፎገራ ገበሬ በፍጥነት ያለፈ ስለሆነ ነው። የመንግሥት ባንክ እስከ ተከፈለበት ጊዜ ድረስ የነበሩት ቅርንጫፎች የካርቱሙንና የጅቡቲውን ጽሕፈት ቤት ጨምሮ 21 ብቻ ነበሩ። ገበሬውን የደረሰው ባንኩ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 አዲሱ የብር ኖት ሲወጣ፣ ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን የ50 ሳንቲሙ ሳንቲም ከብር ማዕድን ተሠርቶ አብሮ ወጣ። ነጠብጣብ መቁጠር የለመደ ሰው ከዚያ በኋላ ፊርማና ቁጥር ማመን ነበረበት፤ ፊርማውን ሊያነብለት የሚችለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛው ሰው ሥራውን የጀመረው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ቀን ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ቤት ቁጠባ ትንሽ ልበል፤ ከርእሱ የወጣሁ ቢመስልም አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1775 ሪቻርድ ኬትሊ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ የመጀመሪያው የታወቀ የቤት መሥሪያ ማኅበር በቤቱ እንዲሰበሰብ አደረገ። አሠራሩ ምን ነበር? አባላቱ በየጊዜው እኩል ያዋጣሉ፤ በየተራ አንዱ ገንዘቡን ወስዶ ቤት ይሠራል፤ የመጨረሻው ሰው ቤቱን ሲያገኝ ማኅበሩ ይፈርሳል። ይህ ከእኛ እቁብ በምን ይለያል? ከመቶ ዓመት በኋላ ግን እነዚህ ማኅበራት የማይፈርሱ፣ ቆጣቢው ተበዳሪውን የማያውቅባቸው ትልልቅ ተቋማት ሆኑ። ወደ እኛ አገር በ1950ዎቹ የመጣው ይህ የኋለኛው መልክ ነው። መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር፣ ቀጥሎም የቁጠባና የቤት ብድር ኮርፖሬሽን ተቋቋሙ። ደንበኛቸው የወር ደመወዝ ያለው ከተሜ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሁለቱ ተዋህደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ፤ ያም ስሙን ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ለውጦ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። የፊተኛው መልክ፣ የጎረቤቱ መልክ፣ በወረታ ሱቆች ጓዳ በእቁብ ስም ሲኖር፣ ማንም አገር በቀል የቤት ባንክ ብሎ አልጠራውም። በእቁብ ውስጥ «የሚያውቅሽ ሰው አምጪ» የሚል ጥያቄ የለም፤ ሳይታወቅ የሚገባ የለምና።

ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ባንኮችን ወረሰ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚህ ወዲህ ገበሬው በስሙ የሚያስይዘው መሬት አልነበረውም፤ የከተማው ሰውም የሚያስይዘው ጠበበ። ታዲያ ባንኩ ማንን ይመን? ማኅበርን አመነ። የብድር ወለዱ ራሱ በባለቤትነት ዓይነት ይለያይ ነበር፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዝቅተኛውን፣ የግል ሰዎች ከፍተኛውን ይከፍሉ ነበር። በዚሁ ዘመን ነው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ በፎገራ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ የተሞከረው። ሙከራው በጅግናና በሻጋ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀመረ፤ ዛሬም ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። የፎገራን ከብት ወተትና የረግረግ ጽናት የሚያውቅ ሰው በሩዙ መጀመሪያ ላይ ቢስቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሩዝ ያንን ሜዳ የጥሬ ገንዘብ አገር አደረገው፤ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ወደ መስኮቱ መራው።

በደርግ ዘመን ሦስተኛው ሰው ተለወጠ፤ ሰው መሆኑ ቀርቶ ማኅተም ሆነ። «የሚያውቅህ ሰው» ማለት የገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ ማለት ነበር። በወረታና በዙሪያዋ ያነጋገርኋቸው አረጋውያን ሁሉም ሊባል በሚችል መጠን የሚያስታውሱት ሰልፉን ወይም ወለዱን ሳይሆን ማኅተሙን ነው። ሊቀ መንበሩ እስኪገኝ፣ ጸሐፊው እስኪመጣ፣ የማኅተሙ ቀለም እስኪረጥብ። ደብዳቤ የሚሰጥ ሰው ደብዳቤ መከልከልም ይችላል። ባለሱቁ ለእናቴ ሲፈርም አልከለከላትም፤ መከልከል ሥልጣኑ አልነበረምና።

በ1986 በወጣው አዋጅ ለግል ባንኮች በር ተከፈተ፤ አዋሽ ባንክ የመጀመሪያው ሆነ። የፎገራን ገበሬ በቀጥታ የነካው ግን ሌላ ተቋም ነው። በ1987 በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ሥራውን ጀምሮ፣ በ1989 ራሱን የቻለ ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም «አብቁተ» የምንለው። ተቋሙ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አብቁተ ሦስተኛውን ሰው አልፈጠረውም፣ አላስወገደውምም፤ ሥርዓት አደረገው።

አሠራሩን የማታውቁ ተማሪዎች ትኖሩ ይሆናል። መሬት አይያዝም፣ ቤት አይያዝም። ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ፤ ቡድኖቹ ተሰባስበው ማእከል ይሆናሉ። በቀበሌው ያለ የብድርና ቁጠባ ኮሚቴ «ይህ ሰው ሠርቶ ይከፍላል፣ ያ አይከፍልም» ብሎ ይመሰክራል። አንዱ ቢያቅተው የቀሩት ይከፍሉለታል። ባንኩ በመስኮቱ ፊት ይጠይቀው የነበረውን ጥያቄ ሁሉ፣ ማለትም ማን ነው? ምን ይሠራል? ይታመናል ወይ? የሚሉትን፣ ጎረቤቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መለሱለት። ለተቋሙ ይህ ከፍተኛ የወጪ ቁጠባ ነው። ለደንበኛውስ? ሁለቱንም ነበር። የብድር ሠራተኛው ወደ ቀበሌው ሲመጣ፣ በእኛ አገር ታሪክ መስኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ሄደ። ሠራተኛው የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ እናቴን «እማማ» ይላት ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአማርኛ አንድ ሰው በመስኮት ፊት ምን ያህል እንደ ተከበረ ለማወቅ ግሡን መስማት ይበቃል።

በሌላ በኩል ጎረቤትን ዋስ ማድረግ ጎረቤትን አሳዳጅ ማድረግም ነው። ያልከፈለች ሴት ከማእከሉ ስብሰባ ትቀራለች፤ ከማእከሉ የቀረች ከማኅበሩም ከቡናውም ትቀራለች። ቡድን ሲመሠረት ደግሞ ድኻይቱን የሚፈልጋት የለም፤ ለእርሷ ዕዳ ማን ይከፍላል? ስለዚህ ኮሚቴው ሳይጥላት በፊት ጎረቤቶቿ ይጥሏታል፤ ይህ መጣል በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ተቋሙ ያቀረባት ብድር የለም፣ የከለከላትም ብድር የለም። በዚያው ዘመን በክልሎች በጀት ዋስትና ከባንክ በሚገኝ ገንዘብ ይቀርብ የነበረው የማዳበሪያ ብድርም እንዲሁ ነበር፤ ዕዳውን የሚሰበስበው የባንክ ሠራተኛ ሳይሆን የአካባቢው ሹም ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ሲነሣ በሬውን የሚያነሣ ሽማግሌ በፎገራ ብዙ ነው። ለእርሱ ባንክ ማለት መስኮት ሳይሆን ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው ነው።

አሁን ስለ አውራ ጣት ልናገር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እንደሚለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ፈርሞ ወይም የጣት አሻራውን አኑሮ የገባው ውል፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሕግ አውጪው ያሰበው ጥበቃ ነው፤ ያልተማረውን ሰው ከአታላይ ለማዳን። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ጥበቃው ዞሮ ሸክም ይሆናል። ሠራተኛው አሻራን ይፈራል፣ ምስክር ይጠይቃል፣ ምስክሩም መታወቂያ ይጠየቃል። እኔ በዚያ ወጣት ሠራተኛ ላይ ለብዙ ዓመታት ቂም ይዤ ነበር። በኋላ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ሰዎችን ሳነጋግር፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውን ከደመወዛቸው ይከፍሉ እንደ ነበር ነገሩኝ። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ሒሳብ ለመክፈት የሚመሰክር ሰው ስም መስጠት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። ሠራተኛው «አንቺ» ማለቱን ግን ዛሬም አልተውሁለትም።

በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቁት። ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የእኛም ቤት ውኃ ገባው፤ የእናቴ የቁጠባ ደብተር ከሣጥን ሥር ሁለት ቀን በጭቃ ውስጥ ቆይቶ ወጣ። ፎቶግራፏ ተላጠ፣ ቀለሙ ፈሰሰ፣ ሒሳቡ ከመካከል ታች አይነበብም። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ይዤ ከአገር ርቄ ነበር። እናቴ ወረታ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩ ስለማይነበብ የፖሊስ ማስረጃ እንድታመጣ ተነገራት። ፖሊስ ጋ ስትሄድ ደብተሩ ካልጠፋ ማስረጃ እንደማይሰጥ ነገሯት። በሁለተኛው ቀን ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛ ቀረበች፤ ደብዳቤው ላይ የአባቷ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ገንዘቡ የሚያስፈልጋት ለዘር ወይም ለሠርግ አልነበረም፤ ለጣራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ባለሱቅ ሄደች። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ግማሽ ሱቁን ለልጁ አውርሷል። አብሯት ሄዶ ከመስኮቱ ፊት ቆመና «ይህችን ሴት ያኔም ፈርሜላት ነበር፣ አሁንም እፈርማለሁ» አለ። በቅርንጫፉ የቀረው ካርድ ተፈልጎ ወጣ፤ የእርሱ ፊርማ በላዩ ላይ ነበር። ሒሳቧን ያዳናት የእርሷ አሻራ አይደለም።

እዚህ ላይ ታሪክ ለምታጠኑ ተማሪዎች አንድ የሙያ ነገር ልንገራችሁ። የባንክ ደንበኛን ታሪክ መጻፍ የሚሻ ሰው ዓመታዊ ሪፖርት ይዞ ሩቅ አይሄድም። ይልቅስ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ይፈልግ፤ የቀበሌ ደብዳቤ ቅጂዎችን ይፈልግ፤ በቁጠባ ደብተሮች ኋላ ገጽ ላይ በሌላ ሰው እጅ የተጻፉትን የመደመርና የመቀነስ ሒሳቦች ይመልከት። እነዚያ የተማሪ ልጆች እጅ ጽሑፎች ናቸው፤ ከእነርሱ ውስጥ የእኔም አለ።

ያለፉት 15 ዓመታት በፍጥነት ብዙ ነገር ለውጠዋል። ቀድሞ ገንዘብ የሚወጣው ሒሳብ ከተከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ ቅርንጫፎች በኮምፒዩተር መረብ ሲተሳሰሩ ይህ ቀረ። ወለድ በሃይማኖታቸው ለማይፈቀድላቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ብሔራዊ ባንክ በ2004 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ፈቀደ። መሬትም ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር መጣ፣ በ2009 የክልሉ የመሬት ሕግ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝን ፈቀደ፣ በፌዴራል ደረጃም በ2016 እንዲሁ ሆነ። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት ከብት እንኳ መያዣ ይሆናል። የፎገራ ላም የባንክ መያዣ ልትሆን መቻሏን አያቴ ቢሰማ ኖሮ ማን ያልባታል ብሎ ይጠይቅ ነበር።

መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት ለውጥ ታወጀ፤ የቆየውን ኖት ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከጣሪያ ሥር፣ ከጎታ ውስጥ፣ ከመቀነት ገንዘብ እየወጣ ወደ መስኮቱ ጎረፈ። በዚያ ሰሞን ብዙ የገጠር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ከፈተ። በግንቦት ወር ቴሌብር መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ አማራ ባንክ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በወረታ ዋና መንገድ ስታልፉ የባንክ ስም ከሻይ ቤት ስም ይፎካከራል። ሠራተኞቹም ተለውጠዋል፤ ደንበኛ የሚወደድበት ዘመን ስለሆነ «እናቴ፣ ይቀመጡ» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን መስኮቱ ወደ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስልኩ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ በጽሑፍ ያከብራታል፤ እናቴ ግን ጽሑፍ አታነብም። የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነው። ባለአራት አኃዙን የምስጢር ቁጥር የሚያስገባላትም እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር ሦስተኛው ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው አደባባይነቱ ነው። ዋሱ በሰው ፊት ቆሞ ስሙን ያስይዝ ነበር፤ ባለሱቁ ፊርማውን ትቶ ሄደ፤ የቡድኑ አባላት በማእከሉ መዝገብ ላይ አሉ። ቁጥሩን የሚያውቀው ልጅ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ በደንቡ መሠረት መኖርም የለበትም፤ ምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርምና። ልጁ ቢታመን ማንም አያመሰግነው፤ ባይታመን ጥፋቱ የእርሷ ነው። በሕግ ቁጥር 1728 አሻራዋን ለመጠበቅ ዳኛ የጠየቀ አገር፣ አራቱን አኃዞች ለመጠበቅ የሰጣት ማስጠንቀቂያ አንድ የጽሑፍ መልእክት ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2016 የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ፈገግ የምትሉም አላችሁ። በንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ እክል ብዙ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ብሎታል። እኔን የገረመኝ መልሱ የተፈለገበት መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ገንዘቡን መልሱ የሚል ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ዘመናዊው ሥርዓት ሲሰናከል የተጠራው ዋስ ነው፤ የተጠራውም በአደባባይ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ2015 ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በመተግበሪያ የሚሠሩ የባንክ አገልግሎቶች ሲቆሙ፣ በወረታ ያነጋገርኋቸው ነጋዴዎች ወደ ምን ተመለሱ? ወደ ዱቤ መዝገብ፣ ወደ እቁብ፣ ወደ «እኔ አለሁለት»። አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ ለባንክ አገልግሎት እየተጠየቀ ነው፤ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይወስዳል። ባለሥልጣናቱ እንደሚሉት ከእንግዲህ «የሚያውቅሽ ሰው» አያስፈልግም፤ ማሽኑ ያውቃታል። ማሽኑ አሻራዋን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። በሜዳ ሥራ ያረጁ ጣቶች አሻራ እንደሚደበዝዝ ደግሞ ሩዝ ያረመ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ልትመዘገብ ስትሄድ አውራ ጣቷን አራት ጊዜ አስጫኗት፤ በአምስተኛው ያዘላት።

ባለፈው ጥር ወረታ ሄጄ ባለሱቁን ጎበኘሁት። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ከሱቁ ደጃፍ በወንበር ተቀምጦ ይውላል። ለስንት ሰው እንደ ፈረመ ጠየቅሁት። «ቆጥሬ አላውቅም» አለኝ፤ ቀጥሎም በገንዘብ የጠየቀኝ የለም አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ፖሊስ መጥቶ ስለ አንድ ሰው እንደ ጠየቀው፣ እርሱም «አውቀዋለሁ» ብሎ እንደ መለሰ ነገረኝ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ወደ እኔ ዘረጋ። መልእክት ገብቶለት ነበር።

«እስቲ አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብሁለት።